ጋሽ እንድሪስና ሁለቱ ሞተሮች

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ ነው። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በቅጡ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ «እንድሪስ መካኒኩ እኮ አረፈ። ትናንት አልዩ አምባ ተቀበረ» አለኝ። ቀብሩ አመለጠኝ። የሙስሊም ቀብር አያድርም፤ ወሬው ደግሞ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ እኔ ጋ እስኪደርስ ቀን ይፈጅበታል። የመጣሁበትን ጉዳይ ትቼ ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና ፍለጋ ገባሁ።

ሠላሳ ዓመት ያህል የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ብዙ መካኒክ አውቃለሁ፤ ጎበዙንም፣ ሰነፉንም፣ ከመፍቻው ይልቅ ምላሱ የሚሠራውንም። «ይህ ሰው የነካውን ሞተር ይዤ የትም እሄዳለሁ» ብዬ ሳላመነታ የምናገረው ግን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ እሳቸው ማውራት ስጀምር ሰዎች አጋነንክ ይሉኛል። አላጋነንኩም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመንግሥት እህል የሚያመላልሱ መኪኖች የሚያድሩበት ጋራዥ ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ነበር። እኔ በሹፌርነት ስቀጠር ጋሽ እንድሪስ የሞተር ክፍሉ ዋና መካኒክ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሁልጊዜ የሚከረከሙ፣ ቱታቸው ከሁላችንም ቱታ የጸዳ ሰው። አባታቸው በበቅሎ ጨው የሚያመላልሱ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። «አባቴ በቅሎዋን ጠዋት ከጋጣ አውጥቶ ወዲያው ጭኖ አያውቅም። መጀመሪያ ባዶዋን ያንሸራሽራታል፤ ሰውነቷ ሲፍታታ ይጭናታል» ይሉን ነበር። ሞተርንም የሚያዩት እንደዚያው ነው።

ሞተር ሲያዳምጡ የረጅም ካቻቢቴያቸውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያ ሰዓት አጠገባቸው ያወራ ሰው ወዮለት። ጮኸው ግን አይቆጡም። «ወንድሜ፣ ሁለታችሁን አንድ ላይ መስማት አልችልም» ይሉታል፤ ሰውየውም ዝም ይላል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቀው መንገር አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። መኪኖቹ አንነሳም ይላሉ። እኛ ሹፌሮች ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ከሞተሩ ሆድ ሥር እሳት እናነዳለን፤ ሞተሩ እንደምንም ሲነሳ ደግሞ በነዳጅ ላይ ነዳጅ ሰጥተን እናስጓራዋለን። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይጨልማል።

«ሞተር የሚያረጀው ዳገት ላይ ይመስላችኋል» አሉን አንድ ቀን። «ዳገት ላይማ ዘይቱ ሞቆ ሁሉም ቦታ ደርሷል። ሞተር የሚበላው እዚህ ነው፤ ጠዋት፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ። ዘይቱ እንደ ረጋ ቅቤ ታች ተኝቶ፣ ላይ ብረት ከብረት ጋር ደረቁን ሲፋተግ። እናንተ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ታስጮኹታላችሁ።»

ሰማን። ጠዋት ጠዋት ማስጮኻችንን ግን አልተውንም።

ያ ዘይት የመጣው ከድርቁ በኋላ ነው። እህል ሲያከፋፍሉ የቆዩ የውጭ አገር ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተረፋቸውን ዕቃ ለጋራዡ ትተው ሄዱ። ከዕቃው መካከል በርከት ያሉ የሞተር ዘይት ቆርቆሮዎች ነበሩ። ከሰዎቹ አንዱ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ከጋሽ እንድሪስ ጋር የሚግባቡት ሁለቱም በሚያውቁት የጣሊያንኛ የዕቃ ስምና በእጅ ምልክት ነበር። ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት እኛ የምንጠቀምበትን ዘይት በአንድ ሳህን፣ የእሱን በሌላ ሳህን አድርጎ ውርጭ ላይ አሳደራቸው። ጠዋት ሁላችንም ከበን ቆመን ሁለቱንም ሳህን አዘነበላቸው። የእኛ ዘይት እንደ ማር እያመነታ ተንቀሳቀሰ። የእሱ እንደ ውሃ ኮለል ብሎ ወረደ።

ጋሽ እንድሪስ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ነከሩበት፤ በአውራ ጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

«ይህ ከጉድጓድ እንደወጣ የተጣራ አይደለም» አሉ። «ተገጣጥሞ የተሠራ ነው።»

«ሰው ሠራሽ ዘይት ነው በሉኛ» አለ ሽፈራው የተባለ ሹፌር። ሽፈራው ፍጥነት የሚወድ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። «ሰው ሠራሽ ጥርስ እንኳ በቅጡ አያኝክ!»

ሳቅን። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም። ሥራ አስኪያጁ ዘይቱን ለሁሉም መኪኖች ትንሽ ትንሽ እናከፋፍለው ሲል ግን ስብሰባው ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ከሰጠን ለማንም አልሰጠንም። ምንም ሳናውቅ ያልቃል። ሁለት መኪኖች ባለፈው ወር ሞተራቸው ታድሷል። ዓይነታቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ ነው። ለአንዱ ይህን፣ ለአንዱ የድሮውን እየሰጠን ዓመታት እንይ። ከዚያ ያየነውን እንናገራለን።»

«ኃላፊነቱስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በእኔ።»

ከሁለቱ መኪኖች አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሽፈራው ነው። አዲሱን ዘይት ለሽፈራው ሰጡት። በጣም ተከፋሁ። መኪናዬን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምይዛት። ሽፈራው ደግሞ የአንኮበርን ኮረኮንች እንደ አስፋልት የሚነዳ ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፌ ቆየሁና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

እጃቸውን በስቶፓ፣ ጣት በጣት እየጠረጉ መለሱልኝ። «ደምሴ፣ አንተ ጥሩ ሹፌር ነህ። ጥሩውን ዘይት ለጥሩው ሹፌር ሰጥቼ ሞተሩ ሳይበላ ቢቀር፣ ማን ጠበቀው? ዘይቱ ወይስ አንተ? አላውቅም። ለሽፈራው ሰጥቼ ደህና ከሆነ ግን አወቅሁ ማለት ነው።»

ኩርፊያዬ እዚያው ላይ አለቀ። እንዲህ እየተሞገሰ ሲበደል ማን ያኮርፋል?

ሦስት ዓመት አለፈ። መዘዞ፣ አንኮበር፣ ሸዋ ሮቢት፤ ብርዱንም ቆላውንም ሁለቱ መኪኖች አብረው ተመላለሱ። ጋሽ እንድሪስ ለአንዱ አድልተው ለአንዱ ሲሰስቱ አላየሁም። የእኔ ዘይት ጊዜው ሲደርስ አንድ ቀን ሳያሳልፉ ይቀይሩታል። የሽፈራውን ግን ወዲያው አይቀይሩም፤ ይፈትሹታል። ከቢሮ የቀለም መምጠጫ ወረቀት ለምነው ያመጡና አንድ ጠብታ ያሳርፉበታል። ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ሲሰፋ መሐሉ ጥቁር ጭቃ ከተወ ደክሟል፤ ፈዛዛ ሆኖ እኩል ከተዘረጋ ገና ጉልበት አለው። ዘይት በሚፈስበት ቡሎን ላይም ማግኔት ለጥፈው ነበር። ቡሎኑን ሲፈቱ ማግኔቱ የያዘውን የብረት ብናኝ በጣታቸው እያሹ ያዩታል። የሽፈራው ዘይት እንዲህ እየተፈተሸ የእኔ ሁለት ጊዜ ሲቀየር አንድ ጊዜ ይቀየር ነበር። የጠብታዎቹን ወረቀት ከሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተራ ለጥፈዋቸዋል። ማንም ገብቶ ሊያያቸው ይችል ነበር፤ እኔም በየሳምንቱ አያቸዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ጓድ ካሳሁን የሚባል አዲስ የፖለቲካ ኃላፊ ተመደበልን። ወጣት፣ ንግግር አዋቂ፣ ሞተር ሲከፈት አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። እሱ በመጣ በሁለተኛው ወር የሽፈራው መኪና የዘር እህል ጭኖ አንኮበር ዳገት ላይ ቆመ። ገበሬው እርሻውን ገልብጦ ዘር ይጠብቃል፤ መኪናው ጉልበቱ ከድቶት ጥቁር ጭስ እየተፋ ዳገቱ ላይ ቀርቷል። ጓድ ካሳሁን ምክንያቱን ሲያጠያይቅ አንዱ፣ «የዚያ መኪና ዘይት እኮ በጊዜው አይቀየርም» አለው። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሲሰማ ደግሞ ነገሩ ለእሱ ተጠናቀቀ። የኢምፔሪያሊስት ዘይት፣ ያልተቀየረ ዘይት፣ የቆመ የዘር እህል። ጋሽ እንድሪስን «የኢኮኖሚ አሻጥር» በሚል ቀበሌ አሳሰራቸው። በዚያ ጊዜ ያ ቃል ቀላል ቃል አልነበረም። ተጽፎባቸው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎችን እናውቃለን።

በማግስቱ ጓድ ካሳሁን ቢሮው ጠራኝ።

«ጓድ ደምሴ፣ ያንተ መኪና ዘይት በጊዜው ይቀየራል?»

«ይቀየራል።»

«የሽፈራውስ ሁልጊዜ አብሮ ሲቀየር አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«በጊዜው አልተቀየረም ማለት ነው?»

«በጊዜው አልተቀየረም።»

ጻፈው። «ግን በየጊዜው ይፈተሻል፤ ወረቀቱም ግድግዳው ላይ አለ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጓድ ካሳሁን ቀና ብሎ አየኝ። «የምትጨምረው አለ?» አለኝ። የለኝም አልኩና ፈረምኩ።

ከቢሮው ስወጣ ግቢው ውስጥ ሽፈራው መኪናውን አስጎትቶ መጥቶ ነበር። የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈታነው፤ በቆሻሻ ተደፍኗል። አጽድተን ስናስነሳው ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። የቆመው ናፍጣ ታፍኖበት እንጂ ዘይቱ ምንም አላደረገውም። ይህን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። የጋሽ እንድሪስ ባለቤት እትዬ ዘይነብ ምሳ አቀብለው ሲመለሱ በር ላይ ተላለፍን፤ ሰላም አሉኝ፤ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ጠባቂው የሰፈር ልጅ ስለነበር በአጥሩ በኩል አገናኘኝ።

«ጋሼ፣ ናፍጣው ነው። ፊልትሮው ተደፍኖ አግኝተነዋል። ይህን ይናገሩና ይውጡ።»

«እንደዚያ እንደሚሆን ገምቻለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ግን በእሱ ብቻ አልወጣም። ዛሬ ናፍጣ ነው ብዬ ብወጣ፣ ነገ ሌላ መኪና ሲቆም ተመልሼ እገባለሁ። ሁለቱንም ሞተር አስወርደው ይክፈቱ፤ በሰው ፊት። የሚለካው ሰው ደግሞ ከእኛ ጋራዥ እንዳይሆን።»

«የሽፈራው ሞተር ተበልቶ ቢገኝስ? በእስር ብቻ አያበቃም እኮ።»

«ከተበላ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይፍረዱብኝ። ግን አልተበላም።»

«እንዴት ያውቃሉ? አልከፈቱት።»

«ሦስት ዓመት ሳዳምጠው ኖሬ?» አሉ፤ ፈገግ እንደ ማለትም አሉ።

ከዚያ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እኔ መስክሬያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። የተናገርከው ውሸት የለበትም።» በአጥሩ መሐል አዩኝና፣ «አልጨረስከውም እንጂ» አሉኝ።

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የሽፈራውን ሞተር ለማስከፈት ተስማማ። የእኔን ግን እምቢ አለ። በሰላም የሚሠራ መኪና፣ ያውም በዘር ወቅት፣ እንዴት ይፈታል? አንዱ ብቻ ከተከፈተ ደግሞ ከምን ጋር ሊወዳደር ነው? ስብሰባው ላይ ጓድ ካሳሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ተነሳሁ። 

«የእኔም ይከፈት» አልኩ። «እስኪገጠም የጉልበት ሥራ ስጡኝ፤ ጆንያም እሸከማለሁ።»

ሌላ አልተናገርኩም። ቢሮ ውስጥ የዋጥኩትን ያን ጊዜም አላወጣሁትም። ሞተሬን ግን ሰጠሁ።

ከአዲስ አበባ አንድ ኢንጂነር መለኪያውን ይዞ መጣ። ማንንም አያውቅም፤ ማንም አያውቀውም። ረፋድ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ፣ ሁለቱ ሞተሮች በሸራ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ ጥበቃው ሁሉ ከቦ ቆመ። ጋሽ እንድሪስን በአንድ ጠባቂ አጅበው አመጧቸው። ከታሰሩ ወዲህ የለበሱት ሸሚዝ ተጨማድዷል፤ ጢማቸው አድጓል። ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሞተሮቹ ሄደው ቆሙ።

መጀመሪያ የእኔ ታየ። ሆዱ ሲገለጥ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ተጋግሯል። ኢንጂነሩ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ግድግዳ በጥፍሩ ዳሰሰ። ላይኛው ጫፍ ላይ ጥፍሩ ተያዘ፤ ብረቱ ተበልቶ እርከን ሠርቷል። «ሦስት ዓመት ለሠራ ሞተር መጥፎ አይደለም። ጥሩ ሹፌር ነበረው» አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

ከዚያ የሽፈራው ተገለጠ። ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ ቆየ። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ እንደገና አደረገ። ሞተሩ ሲታደስ የተሞረደበት ስስ ጭረት ገና ግድግዳው ላይ ይታያል። ጥፍሩን ከታች እስከ ላይ ጎተተው፤ የትም አልያዘውም። ብሮንዚናዎቹን፣ ዋናው ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን፣ አንድ በአንድ አውጥቶ ለካ። ሆዱ ውስጥ ጭቃ የለም።

«ይህ የሦስት ዓመት ነው?» አለ።

«የሦስት ዓመት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ማን ነው የያዘው?»

ሁላችንም ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞርን። እሳቸው ግን ተጎንብሰው አራተኛውን ሲሊንደር ያያሉ።

«ኢንጂነር፣ ይህን አላዩትም» አሉ። ቀጭን፣ ረጅም ጭረት በጣታቸው አሳዩት። «ይህ አቧራ ነው። የአየር ፊልትሮው ቀዳዳ ነበረው፤ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። ዘይቱ ከአቧራ አላዳነውም። በዚህም በኩል፣ ያረጀችው ጎሚኒ፣ የጎማ ማሸጊያዋ ላይ፣ ከድሮው ዘይት ይልቅ ይህኛው ያንጠባጥባል። ይጻፍ።»

ከታሰሩበት ለመውጣት አንድ እርምጃ የቀራቸው ሰው ናቸው። ራሳቸው ላይ የሚጻፍ ጥፋት ፈልገው አገኙና አስጻፉ። ጠባቂያቸው እንኳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ በመገረም አያቸው።

ኢንጂነሩ ጻፈ። ከዚያ ወደ ጓድ ካሳሁን ዞሮ፣ «አሻጥር የምትሉት የትኛውን ነው?» አለ። ጓድ ካሳሁን ሪፖርቱ ለበላይ አካል ይላካል ብሎ ሄደ። ጥፋተኛ ናቸው ብሎ የፈረደ ስላልነበረ፣ ነፃ ናቸው ብሎ የተናገረም አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ እንዲሁ ተለቀቁ፤ ቤታቸው ሄደው ታጥበው፣ በማግስቱ ቱታቸውን ለብሰው ሥራ ገቡ። መጀመሪያ የገጠሙት የእኔን ሞተር ነው።

ያ ዘይት ብዙ ሳይቆይ አለቀ። ሌላ ከየትም አልመጣም። ጋሽ እንድሪስ ግን የተማሩትን በማይገኝ ነገር ላይ አላንጠለጠሉትም። የድሮው ዘይት እስኪሞቅ መታገሥ እንዳለብን አሳዩን፤ የሞተሮቹን ሆድ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈኑልን፤ ጠዋት ከማንቀሳቀሳችን በፊት ዝም ብሎ እንዲሠራ የምንተውበትን ጊዜ ወሰኑልን። ሁለቱን ሞተር ያየ ሹፌር ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት አስጩኾ አያውቅም። እስከ ጡረታዬ ድረስ እኔም አላስጮህኩም።

አልዩ አምባ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አላህ ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ትልቋ ልጃቸው ማን እንደሆንኩ ስትሰማ እናቷን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ደምሴ ሹፌሩ እርስዎ ነዎት? አባባ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራ ነበር። እሱ የታሰረ ጊዜ ሞተርዎን አውጥተው እንደሰጡ።»

«ሌላስ ምን ነገራችሁ?»

«ሌላ ምን አለ?» አለች።

ነገርኳት። እዚያው ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ቢሮው ውስጥ ምን እንደተጠየቅሁ፣ ምን እንደመለስኩ፣ ምን እንደዋጥኩ፣ ከእነ ፊርማዬ ነገርኳት።  እትዬ ዘይነብ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። «ከእስር የወጣ ዕለት ነግሮኛል። ለልጆቹ አትንገሪ ያለኝ እሱ ነው። ‹ፈርቶ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም› ነው ያለኝ፤ አላህ ይዘንለት።»

አሜን አልኩ። ስለ ሞተር ሲናገሩ ተሳስተው አግኝቻቸው አላውቅም። ስለ ራሳቸው ግን ያን ቀን ተሳስተዋል። እሳቸው በእኔ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱት ነበር።